ያቺ በርጩማ የት ገባች?

በቀደም ለታ ጓደኛዬን አዴ ጫልቱን ልጠይቅ ነቀምት ሆስፒታል ሄጄ፣ የሴቶች ክፍል በር ላይ ስደርስ የበረኪናና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ተቀበለኝ። ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ግን ወደ ወጣትነቴ ይመልሰኛል። ያረጀሁት በዚህ ሽታ ውስጥ ነው። በስታርች የደረቀ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ቆቤን በጸጉር መርፌ አስይዤ፣ የዚህ ክፍል ኃላፊ ነርስ ሆኜ ስወጣና ስገባ የኖርኩበት ቤት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉልበቴ ደረጃውን ስለሚጠላ ብዙም አልመጣም። እናም በሩ ላይ ቆሜ ሽታውን እየሳብኩ እንደ ሞኝ ፈገግ ማለት ጀምሬ ነበር። ፈገግታዬ ከበሩ አላለፈም። የጫልቱ አልጋ አይታይም፤ ዙሪያውን ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ከበውታል፤ የኋለኞቹ በፊተኞቹ ትከሻ ላይ ተንጠራርተው ያያሉ፤ አንዲቷ ስልኳን ትነካካለች። መጋረጃ የሚባል ነገር አልተዘረጋም። ከመሃል «እሺ፣ ቀጣይ» የሚል የወጣት አስተማሪ ድምፅ ይሰማል። ቀጣዩ ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል። ገበያ ላይ በግ እንኳ እንዲህ አይታይም፤ በግ ሲታይ ቢያንስ ባለቤቱ ይጠየቃል።

እስኪወጡ ጠበቅኩ። ሲወጡ አንዱም ወደ አልጋው ዞሮ «ገለቶማ»፣ አመሰግናለሁ፣ አላለም። ቀርቤ አንሶላዋን አስተካከልኩላትና እንደ ልማዳችን «አካም ቡልቴ?» አልኳት፤ እንዴት አደርሽ ማለቴ ነው። «ነጋ፣ ገለተ ዋቀዮ» አለችኝ፤ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ለምን እንደፈላ እንዲገባችሁ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ግድ ነው።

ነቀምት የገባሁት ገና ጉንጬ ያልረገፈ ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ፣ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ይዤ ነው። ክረምት ነበር። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ እየተቀረቀረ፣ እኛም እየወረድን እየገፋን ደረስን። ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር ከጫልቱ እናት ግቢ አንዲት ክፍል በወር አሥራ አምስት ብር ተከራየሁ፤ ደመወዜን አስቤ ውድ ነው ብዬ ማጉረምረሜ ዛሬ ያስቀኛል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ዳቦው ትኩስ ከሆነ በሁለት እጅ ይያዛል። ከግቢያችን ማዕዘን ላይ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ አለ። ከጉራጌ አገር የመጣ ነጋዴ ነው፤ ሳሙናም፣ ሸራ ጫማም፣ የቴትረን ጨርቅም፣ የፋኖስ መስተዋትም ይሸጣል። ከመደርደሪያው በላይ የሰቀላት ቴፕ ሪኮርደር ቀኑን ሙሉ ትዘፍናለች፤ ባትሪዋ ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፁ ይጎተታል፤ ሸምሱም ባትሪውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። የሰፈሩ ጎረምሶች ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ ያቺን ማዕዘን ተደግፈው ያመሻሉ። ያን ጊዜ ስለ ሌላው ነገር ብዙ ይወራ ነበር፤ ስብሰባም ይበዛ ነበር። እኔ የማስታውሰው ግን ዘፈኑንና ባትሪውን ነው።

መጀመሪያ ቀን ወደዚያ ሱቅ ገብቼ «ሳሙና ስጠኝ» አልኩ። ሸምሱ ደንግጦ አየኝ። እሱ ወለጋን ከመልመዱ የተነሳ፣ ገበሬው የእናቱንም፣ የከብቱንም፣ የዝናቡንም ደኅንነት ተናግሮ ሳይጨርስ ሚዛን አያነሳም። ጫልቱ ከኋላዬ ቆማ በሳቅ ፈረሰች። ከእኔ በሁለት ሦስት ዓመት ብታንስ ነው፤ የአገሩን ቋንቋም ጠባይም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማታውን አስቀምጣ የነገረችኝን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። «ቤትሽ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ነጋ ትያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳት የምትይው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሥራ ስጀምር ግን ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ የመጣች ሴት በአክብሮት «አካም ቡልተን?» ስትባል «ነጋ» ብላ ስትመልስ በዓይኔ አየሁ። ውሸቷ አይደለም። ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ መልስ አለው፤ በሽታው ከሰላምታው በኋላ በተራው ይመጣል፣ የሚጠብቀው ሰው ካገኘ።

የሚጠብቅ ሰው ነበረን። ዶክተር ነገራ ይባላል፤ የአርጆ ሰው ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቁመቱ በር የሚያጎነብሰው። ሁለት ሸሚዝ እንደነበረው አምናለሁ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። ከሕክምና ትምህርት ቤት ለገጠር ልምምድ የሚላኩልንን ተማሪዎች የሚያስተምር እሱ ነበር። መጽሐፍ ሲይዝ አላየሁትም፤ የሚይዘው ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ ነው። ከጊዳ አያና የመጣ አንድ ታካሚ ድኖ ሲሄድ ቤተሰቦቹ ጠርበው ያመጡለት ነው። ያኔ ከዚያ አገር ሰው በበቅሎም በጭነት መኪናም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ባንድ ላይ ተሳፍሮ፣ ስንቁን ተካፍሎ ይመጣ ነበር። ዛሬ ስለዚያ መንገድ ሲወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ዶክተር ነገራ በርጩማዋን ከአልጋው ራስጌ ያኖርና ተማሪውን ያስቀምጠዋል። በርጩማዋ አጭር ስለሆነች ተማሪው ቀና ብሎ ካላየ ታካሚዋን አያያትም። ሰላምታ ሳያልቅ እስክሪብቶ አይወጣም። ሳትፈቅድ አንሶላ አይገለጥም። ከመጋረጃው ውስጥ ከሁለት ተማሪ በላይ አይገባም። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ይኼ የእሱ ብቻ ነው፣ ሌላ አገር አልሰማሁም፣ ታካሚዋን «ይህን ልጅ ትመርቂዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። በኦሮሞ ወግ የታላቅ ምርቃት፣ ኤባ የሚሉት፣ እንዲሁ የሚባክን ነገር አይደለም፤ በግድም አይወጣም። ከመረቀችው ተማሪው ነጥቡን ያገኛል። ዝም ካለች ምርመራውን እንደ ፕሮፌሰር ቢያሳምረውም ነገ ይደግማል። የከተማ ልጆች ያጉረመርሙ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መሰለው እንዴ ይላሉ። እሱ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግራቸዋል። «እዚህ አገር እምቢታ በአፍ አይነገርም፤ በጀርባ ነው የሚነገረው። ነጋ ብላ ግድግዳ ያየች ሴት እምቢ ብላችኋለች።»

ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ብርሃኑ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጎፈሬው ከበር የሚሰፋ፣ ጫማው ተረከዛም። አንድ ጠዋት ከጊዳ አያና የመጣች አንዲት ለጋ ሴት ደረሰችው። እንዴት ነሽ አላት፣ ነጋ አለችው። ምንሽን ያምሻል አላት፣ ራሴን አለችው። ደስ ብሎት ወጣና ራስ ምታት ብቻ ነው፣ ሌላው ደኅና ነው ብሎ አስረዳ። ዶክተር ነገራ አልተቆጣም። በርጩማዋን አምጥቶ አስቀመጠለትና ሰላምታዋን እስክትጨርስ ተቀመጥ ብሎት ለምሳ ሄደ። እኔ መድኃኒት እያደልኩ ወጣ ገባ ስል አያቸዋለሁ። መጀመሪያ እሱ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ እሷ ስለ እናቱ ጠየቀችው፤ የብርሃኑ እናት በዚያው ዓመት ሞታ ነበር፤ ነገራት፤ እሷ ለማታውቃት ሴት አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ነው የራሷን የነገረችው። ከመጀመሪያ ወሊዷ ወዲህ ሽንቷን መያዝ አልቻለችም፣ ባሏ ትቷታል፣ በጓሮ ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ልጁ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ስትመርቀው እጁን በሁለት እጇ ይዛ «ሀርኪ ኬ ሃ ኤቢፈሙ» አለችው፤ እጅህ የተባረከ ይሁን። ያን ቀን ማታ ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ ሻይ ጋበዘኝና ይህን እስክሞት አልረሳውም አለኝ። ሰው እስክሞት አልረሳም ሲላችሁ አትመኑት።

እንግዲህ ጫልቱ በቀደም ነጋ ብላ ግድግዳ ስታይ ምን እንዳለችኝ ገባኝ። መቀመጫ ስፈልግ በክፍሉ ውስጥ አንዲት ወንበር የለችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ጠበቅኩ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ ዶሮዎቼ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሸምሱ ልጆች፣ ሱቁን አፍርሰው ፎቅ ስለሠሩት፣ አወራን። ቆይታ፣ አሁንም ግድግዳውን እያየች፣ ድምፅዋን አሳንሳ ተናገረች።

«ሲስተር ኮ፣ ሰኞ ሳይደርስ ወደ አርጆ መልሽኝ። የልጅ ልጆቼ እኩዮች ተሰልፈው አዩኝ። አንዱ እንኳ ስሜን አልጠየቀኝም።»

ጫልቱ አርጆ ተድራ ብዙ ወልዳለች። ማሕፀኗ ወደ ታች ከወረደባት ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ለባሏ ሳትናገር ቀብራዋለች፣ ለልጆቿም አልተናገረችም። ለእኔ የነገረችኝ ቁስል ሆኖ መቀመጥ ሲከለክላት ነው። ስንት ለምኜ፣ ስንት ተቆጥቼ ነው ያመጣኋት። ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ነበር። ቁስሉ መርቅዟል፤ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮኛል፤ ሳትታከም ከሄደች ሌላ ክረምት አታይም። እሷም ይህን ታውቃለች። ታውቃለችና ነው አርጆ ውሰጂኝ ያለችኝ፤ ከዚህ ሞት ያኛውን መርጣ። ለመሆኑ ተማሪ ሲገባብሽ ፈቃድሽን የጠየቀሽ የለም ወይ ብላት፣ አንድ ልጅ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሰሌዳ ይዞ መጥቶ ነበር አለችኝ። ተማሪዎች በእርስዎ መማራቸው ቅር ይልዎታል ወይስ ደስ ይልዎታል ብሎ ጠየቃት። ነጋ፣ ገለቶማ አልኩት አለች። ታዲያ ምን ልበለው፣ ልጁ ቆሞ ደክሞታል፣ በሰው ፊት ላሳፍረው ወይ ብላ እኔኑ መልሳ ጠየቀችኝ።

የነገሩ አስገራሚነት እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማለት ዓርብ ዕለት፣ የሕክምና ኮሌጁ አዳራሽ ተጋብዤ ነበር። ነባር አስተማሪዎችንና ነርሶችን ለማክበር ተብሎ ነጠላ ሊደርቡልን ነው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ንግግር አድራጊው ሲወጣ አየሁ፤ ብርሃኑ ነው። ጎፈሬው ሄዷል፣ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ፕሮፌሰር ተብሏል። ወርዶ አቀፈኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ፤ እኔም ወልጄ ያሳደግኩት ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ወጣና ጥናቱን አቀረበ። ጥናቱ ስለ ሕክምና ትምህርት ነው፤ ታካሚዎች ተማሪ ሲማርባቸው ምን እንደሚሰማቸው ተጠይቀዋል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሥዕል አበራ። ታካሚው ከሞላ ጎደል ሁሉ ደስተኛ ነው አለ፤ ቅር የተሰኘ የለም ማለት ይቻላል አለ። ስለዚህ፣ አለ ብርሃኑ፣ ታካሚን አንድ በአንድ ማስፈቀዱ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚጨምረው የለም፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆመው የተማሪ ቁጥርም ሊጨምር ይችላል። አዳራሹ አጨበጨበ።

ነጠላው ገና ትከሻዬ ላይ ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ደጃዝማችነት አልፈልግም፣ ግን ተነሣሁ። መጠየቂያ ማይክ አምጡልኝም አላልኩ። የጠየቃችሁት ሰላምታ ነው፣ ያገኛችሁትም የሰላምታ መልስ ነው አልኳቸው። ወለጋ ውስጥ ቆሞ ለቸኮለ ልጅ ነጋ የማይል ሰው አሳዩኝ አልኩ። አንድ ወጣት አስተማሪ፣ እዚያ አልጋ ዙሪያ ቀጣይ ሲል የነበረው ነው፣ እየሳቀ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲል ተረተብኝ። ተረቱ እውነት ነው። ሸሸገ የሚባለው ግን የጠየቀው ሰው ሲኖር ነው። ብርሃኑ በእርጋታ፣ ሲስተር፣ የእርስዎ ዘመን ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ዛሬ አልጋው ያው፣ ተማሪው ጎርፍ ነው አለኝ። እሱም እውነት ነው፤ ልጆቹን አላማኋቸውም፣ ያለ በቂ አስተማሪና ያለ በቂ አልጋ ሰብስቦ ያጎራቸው ሌላ ነው። ግን ሰላምታ በጀት አይጠይቅም። መጋረጃ መሳብ በጀት አይጠይቅም። በዕድሜዬ እንዲያ ተቆጥቼ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ አሁን ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ድረስ ና አልኩት።

ለእኔ ክብር ብሎ መጣ። ከኋላው ያው ጎርፍ ተከተለ። የጫልቱ አልጋ አጠገብ እንደደረሰ፣ ኦሮምኛውን አልረሳም፣ ቆሞ፣ ጥሩ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። ነጋ አለችው። መስተንግዶው እንዴት ነው፣ ተማሪዎቹስ አስቸግረዎታል ወይ አላት። ገሪዻ፣ ጥሩ ነው፣ ገለቶማ አለችው። ዘወር ብሎ አየኝ። ዓይኑ አዩ አይደል ይለኛል። ወጣቱ አስተማሪም ፈገግ አለ።

«ብርሃኑ፣» አልኩት፣ «እንግዲህ ኤባ ጠይቃት።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ጥቂት አመነታ፤ ተማሪዎቹ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጎንበስ አለና ሀርሜ፣ እናቴ፣ ይመርቁኝ አላት። ጫልቱ ማለት ደጇን አቋርጦ የሚያልፍ ጥጃ እንኳ ሳትመርቅ የማታሳልፍ ሴት ናት። አየችው። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ብርሃኑ ለረጅም ጊዜ ጀርባዋን እያየ ቆመ። በመጨረሻ ወደ ኋላው ሳይዞር እጁን አወናጨፈና ተማሪዎቹን በሙሉ አስወጣቸው፤ ወጣቱ አስተማሪም ወጣ። ዙሪያውን ተመለከተ። ምን እንደሚፈልግ አወቅኩ፤ የዋንዛዋ በርጩማ የት እንደገባች ግን እኔም አላውቅም፤ ዕድሳት በተባለ ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ከዚህ ቤት ይጠፋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ጥግ ላይ ነበር። ደፍቶ ከራስጌዋ አኖረና ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ተቀመጠበት። ቀና ብሎ «አካም ቡልተን፣ ሀርሜ?» አላት እንደገና፣ ከመጀመሪያው። እኔ ከጥግ ታጥፎ የቆመውን መጋረጃ ስቤ አልጋውን ከለልኩና ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ቆመው ይማሩ ብዬ አልፌያቸው ሄድኩ።

ጫልቱ አርጆ አልሄደችም። ሰኞ ተሠራላት፤ ቀዶ ሕክምናውም ሠመረ። የምትወጣ ዕለት ጋቢዋን እያለበስኩ፣ ያ ልጅ አገሩ ገባ ወይ አለችኝ፤ ብርሃኑን ማለቷ ነው። ገባ፣ ደውሎም ስለ አንቺ ጠየቀኝ አልኳት። ኤባውን ሰጠሽው ወይ አልኳት ደግሞ፣ ማወቅ ስለፈለግኩ። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ለእኔማ የመጣው አንቺ ስለምታውቂው ነው። ከጎኔ የተኛችውን ሴት ማን ጠየቃት?»

ዞሬ አየሁ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ክፍል ስመላለስ እኔም ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር። «አካም ቡልተን?» አልኳት። «ነጋ» አለችኝ። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር።